ጠርሙሱ ከወጣ በኋላ ቤቱን ማን ይሞላዋል?

በዚህ ዕትም የምናነሣው ሰው የእኛ ቤተ እምነት ሰው አይደለም፤ ካቶሊክ ነው። ሰባኪም ደራሲም አልነበረም፤ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሠራተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ከመጠጥ ጋር ለሚታገል ወገን፣ እንዲሁም ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር የትዳር ጓደኛ የሚጠቅም ነገር በሕይወቱ ውስጥ አለ።

ማት ታልቦት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1856 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ሳይጠግብ በ12 ዓመቱ መጠጥ በጠርሙስ በሚሞላበት ድርጅት ተቀጠረ፤ መጠጣትንም እዚያው ለመደ። ለ16 ዓመታት ያህል ደመወዙ ከአሠሪው እጅ ወጥቶ የሚገባው መጠጥ ቤት ነበር። ገንዘብ ሲያልቅበት ጫማውን ሳይቀር ለመጠጥ አስይዟል። አንድ ጊዜም የመንገድ ሙዚቀኛ ቫዮሊን ተሰርቆ ለመጠጥ ሲውል እርሱም እጁ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1884፣ የ28 ዓመት ሰው ሳለ፣ አንድ ቀን ባዶ ኪሱን መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆመ። ሲኖረው የሚጋብዛቸው ጓደኞቹ እያዩት አልፈውት ገቡ፤ «ና ግባ» ያለው አንድም አልነበረም። ወደ ቤቱ ተመልሶ መጠጥ ሊተው እንደ ወሰነ ለእናቱ ነገራት። ከዚያም ካህን ዘንድ ሄዶ ለ3 ወር ላለመጠጣት ቃል ገባ። 3ቱ ወር ሲያልቅ ለ6 ወር አደሰው፤ ቀጥሎም ለዕድሜ ልኩ። እ.ኤ.አ. በ1925 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ መጠጥ አልቀመሰም።

ወገኖቼ፣ ብዙ ጊዜ ምስክርነት ስንሰማ እዚህ ላይ «ሃሌ ሉያ» ብለን እናጨበጭባለን፤ ተመስካሪውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ያ ወንድም ሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ስንቶቻችን እንጠይቃለን? እስከ ትናንት ያ ሰዓት ባለቤት ነበረው፤ ጓደኛ፣ ሳቅና ወሬ የሚገኝበት ሰዓት ነበር። ዛሬ ባዶ ነው። ጌታችን በሉቃስ 11፥24-26 ርኩስ መንፈስ ስለ ወጣበት ሰው ሲናገር፣ የቤቱ ችግር ቆሻሻነቱ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ቤቱ ተጠርጎ ነበር፤ አጊጦም ነበር። የሚኖርበት ግን አልነበረም።

ታልቦት ያን ባዶ ሰዓት የሞላበት መንገድ ነው የዛሬው ቁም ነገራችን። ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ ጸሎት ይሄዳል፤ ማታ ከሥራ ሲወጣም እንደዚሁ። ቀሪውን ጊዜ መጽሐፍ ያነባል። ልብ በሉ፣ ማንበብ እንኳ በቅጡ የማይችል የጉልበት ሠራተኛ ነው! ቃል በቃል እየታገለ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የቅዱሳንን ሕይወት፣ የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» አነበበ። ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ካህን ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ ነበር።

«ኑዛዜ» አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. ከ397 ጀምሮ ገደማ የጻፈው፣ ለእግዚአብሔር እየተናገረ ሕይወቱን የሚተርክበት መጽሐፍ ነው። በዘጠነኛው ክፍል ስለ እናቱ ስለ ሞኒካ አንድ ታሪክ አለ። ልጅ ሳለች ወላጆቿ ከወይን ጠጁ በርሜል እንድትቀዳ ይልኳት ነበር። በከንፈሯ ጫፍ መቅመስ ጀመረች፤ ጥቂት በጥቂት እየጨመረች ሙሉ ጽዋ ወደ መጠጣት ደረሰች። አንድ ቀን አብራት የምትሄደው አገልጋይ ተጣልታት ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ሞኒካ በዚያ ስድብ ደንግጣ ተወች። እንግዲህ በ12 ዓመቱ መጠጥ መካከል የገባ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን አያይበትም ትላላችሁ? የጸሎት እናት የምትባለው ሞኒካም እንደ እርሱ በልጅነቷ ተፈትና ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ስምንተኛ ክፍል አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ386 በሚላን ከተማ በአንድ የአትክልት ቦታ ሆኖ የጳውሎስን መልእክት ሲከፍት ዓይኑ ያረፈው በሮሜ 13፥13-14 ላይ እንደ ሆነ ይነግረናል። ክፍሉን አውጥታችሁ አንብቡት። ስካርን በስሙ ጠርቶ ተዉ ይላል፤ በዚያ ግን አያበቃም፤ ክርስቶስን እንድንለብስ ያዝዛል። አንዱን ካወለቁ በኋላ ሌላውን መልበስ አለ። ያወለቀ ሳይለብስ ቢቀር ብርዱ ወደ አሮጌው ልብስ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለቤታችን ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ በአጭሩ መጀመር። ታልቦት በመጀመሪያው ቀን የ40 ዓመት ቃል አልገባም። እኅቴ ሆይ፣ ባልሽን «ለዘላለም ተውኩ ብለህ ማልልኝ» ብለሽ አታስጨንቂው። ዛሬን አብራችሁ ጨርሱ፤ ነገ ቃሉን አድሱ። ወንድሜ ሆይ፣ ራሱን የሚያውቅ ሰው አጥር ያጥራል። ታልቦት መጠጡን ከተወ በኋላ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ላለመውጣት ወስኖ ነበር። ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ገንዘቡ በቀጥታ ለባለቤትህ ቢደርስ ውርደት አይደለም፤ ጥበብ ነው። ያበላሹትን ማስተካከልም የዚሁ አካል ነው። ታልቦት ዕዳውን ከፍሏል፤ ያንን ሙዚቀኛም ቫዮሊኑን ሊክሰው ፈልጎ ፈልጎ አላገኘውም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን መሙላት። ራት እስኪደርስ ያለችው አንዲት ሰዓት ብዙ ቤት አፍርሳለች። በዚያች ሰዓት ባልና ሚስት ሁለት ገጽ ቢያነቡስ? አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ፤ ልጆችም ይጠይቁ። ከወንጌላት አንዱ፣ የአንድ የእምነት አባት ታሪክ፣ ጥሩ ልቦለድም ቢሆን። ማንበብ የሚከብደው ሰው አይፈር፤ ታልቦትም ከብዶት ነበር።

ሦስተኛ፣ የሚጠይቁት ሰው ማግኘት። በዚህ ላይ ካቶሊኩ ወንድማችን ይወቅሰናል። እኛ በካህን ፊት መናዘዝን አንቀበልም፤ መካከለኛችን አንድ ክርስቶስ ነውና። ነገር ግን ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችን እንድንናዘዝና አንዱ ለሌላው እንዲጸልይ ያዝዛል። በካህን ፊት መናዘዝን ትተናል፤ በወንድም ፊት መናገርንስ ጀምረናል? በአብዛኛው አብያተ ክርስቲያናታችን መጠጥ ስለማይነካ የሚጠጣው ወገን ይደብቃል። ሩቅ ሰፈር ሄዶ ይጠጣል፤ ማስቲካ እያኘከ ይገባል። ሚስቱም «ስማችን ይጠፋል» ብላ አብራ ትደብቃለች፤ እሑድ ጎን ለጎን ይዘምራሉ። የምትፈራው ሐሜትን ነው፤ ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ጆሮ በጉባኤያችሁ ከሌለ፣ የተግሣጽ ስብከት ብቻውን ያንን ቤት አይደርስበትም።

በታልቦት ሕይወት የማንከተለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ቅዳሴ ሲሄድ መንገድ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ ከልብሱ ሥር ለንስሐ ብሎ የታጠቀው ሰንሰለት ተገኝቷል። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ለቅድስና ከሚያደርሱት ማዕረጎች አንዱን ሰጥታዋለች። እኛ ግን የኃጢአታችን ዋጋ በመስቀል ላይ ተከፍሏል ብለን እናምናለን፤ ሰውነትን በብረት ማሠር ያንን አይጨምርበትም። ከመጠጥ የተላቀቀ ወገናችን ራሱን ሲቀጣ እንዲኖር አንፈልግም፤ ይቅር እንደ ተባለ አውቆ እንዲያርፍ እንጂ። ጳውሎስ የተሰሎንቄን ሰዎች እንደ መከረ ሁሉን መርምረን መልካሙን እንያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ ሳንናገር አናልፍም። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ ሊይዘው ይችላል፤ ለሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ የአጋንንት ሥራ ነው ብሎ ቤት ዘግቶ መጸለይ ብቻ አይበቃም። ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በመንገድም፣ በአልጋውም አጠገብ ጸልዩለት። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

ዛሬ ማታ በቤታችሁ ይህን ጥያቄ ተነጋገሩበት፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በእኛ ቤት የማን ናት? ሌላው ጠርሙስን በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ተክቶት ሊሆን ይችላልና፣ የማይጠጣውም ይመልስ።

የተጠረገውን ቤታችሁን ጌታ ራሱ ገብቶ ይኑርበት። አሜን።