ማጫወቻውን ለእኛ ተዉልን

ዛሬ ትንሽ ልናደድ ነው፣ ታገሱኝ።

የትምህርትና የፊልም ቪዲዮ የሚያቀርቡ አፖች በዝተዋል፣ እሰየው። ግን ብዙዎቹ ቪዲዮውን የሚያሳዩን በራሳቸው ማጫወቻ ብቻ ነው። «በሌላ ክፈት» የሚል ምርጫ የለም። ዳውንሎድ ያደረጋችሁት እንኳን ከአፑ አይወጣም። በገዛ ፓኬጃችሁ አውርዳችሁት!

አዲስ ስልክ ለያዘ ሰው ይሄ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ግን ብዙዎቹ ከታላቅ ወንድም የተረፈ አይቴል ወይም ቴክኖ ነው የያዙት። ብዙ አፕ ቪዲዮ ለመፍታት የስልኩን ቺፕ ነው የሚጠብቀው። ቺፑ ያረጀ ከሆነ ኤች 265 የሚባለውን አጨማመቅ አያውቀውም፤ ድምፅ ይመጣል፣ ምስሉ ጥቁር። ቪኤልሲ ግን የራሱን መፍቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ባትሪ ይበላል፣ አልዋሽም፣ ግን ያጫውተዋል። የመምህሩ ድምፅ ካነሰ እስከ 200 ፐርሰንት ትጨምሩታላችሁ። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ልጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ፍላሽ ላይ ያስጫናችሁት ፊልም እኮ ቲቪም ላይ፣ ላፕቶፕም ላይ፣ ስልክም ላይ ይከፈታል። ታዲያ አፑ ከፍላሽ ማነስ አለበት? የነገሌ ሰው አረቄውን ይገዛል እንጂ ሻጩ «በዚህ መለኪያ ካልሆነ አትጠጣም» ብሎት አያውቅም። (አስተማሪ ሆኜ ምሳሌዬ አረቄ ሆነ፣ ምን ላድርግ፣ አገሩ ነው።)

«ፊልሙ ይሰረቃል» ይሉናል። የሚከፈልበትን ፊልም ቆልፉ፣ የባለቤቱ መብት ነው፣ አልከራከርም። በነፃ የተለቀቀ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ግን ከማን ነው የሚሰረቀው? ቴሌግራም እንኳን የቻናሉ ባለቤት ካልከለከለ ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጣችሁ በፈለጋችሁት እንድትከፍቱ ይፈቅዳል። እውነተኛው ምክንያት ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያ ነው በሉን፣ እንግባባለን።

ከባድ ስራ ነው እንዳትሉኝም። አንድሮይድ ሲሰራ ጀምሮ አንዱ አፕ ስራውን ለሌላው እንዲያስተላልፍ የተዘጋጀ ነው፤ ፒዲኤፍ ስትነኩ «በምን ልክፈተው?» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ቪኤልሲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ ተማሪዎች የጀመሩት ፕሮጀክት ነው፤ በ2001 ኮዱን ለማንም በነፃ ለቀቁት። ተማሪዎች!

ከእናንተ መካከል አፕ የምትሰሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ በነፃ ለምትለቁት ትምህርት ሴቲንግ ውስጥ ያቺን አንዲት ምርጫ አስገቡ። ስትጨርሱ ሊንኩን በውስጥ ላኩልኝ፣ ክፍል ውስጥ በጣም አሮጌ በሆነው ስልክ ላይ እንሞክረዋለን።