የብስኩት ቆርቆሮና የሠፈር ልጅ

በእጅ ስልክ እየተዘዋወሩ ከሚያስቁን ነገሮች አንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ሥዕል ነው፤ ሳታዩት አልቀራችሁም። ክብ ነው፤ ሰማያዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ የሚያስጎመጅ ብስኩት ተሥሎበታል። ልጁ ተደስቶ ሲከፍተው ግን በውስጡ የሚያገኘው ክር፣ መርፌ፣ ከሸሚዝ የወለቀ ቁልፍና አንድ የዛገ መቀስ ነው። ይህ ቀልድ የእኛ ብቻ አይደለም። በሌላውም ዓለም ያሉ እናቶች ቆርቆሮውን ለዚሁ ሥራ ያውሉት ስለነበር በየቋንቋው ይሳቅበታል። በእኛ ቤት ደግሞ የኒዶ ጣሳ አለ። ወተቱ በአንድ ወር ያልቃል፤ ጣሳው ግን አንድ ጊዜ በርበሬ፣ አንድ ጊዜ ሽሮ፣ አንዳንዴም የዕቁብ ገንዘብ እየያዘ ቤተሰቡን ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ይኖራል።

እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በብዛት የሚመጡልን ማታ፣ እራት ተበልቶ ዕቃው ከተነሣ በኋላ ነው። በገርጂ ወይም በሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ደክሟት አረፍ ስትል ስልኳን ትከፍታለች። ባሕር ማዶ ያለችው እህቷ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች የድሮ ትንሽ ፊያት ታክሲ ልካላታለች። የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበትን ደብተር፣ ሌላዋ በእስክሪብቶ የሚጠነጠን ካሴት፣ ሌላዋ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ ባለ መዝጊያ ቴሌቪዥን ልከዋል። «ይህን የማያውቅ ልጅነት አልነበረውም» የሚል ቃል ከሥሩ ተጽፎበታል። እናቲቱ ትስቃለች፤ እርሷም በተራዋ ለአሥር ሰው ትልካለች። በተለይ የቦሌ ሰው ይህን ቢያበዛ አይፈረድበትም። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ ከመጣ ወዲህ አብሮ አደጉን በደጁ እየሸኘ የቀረው እርሱ ነውና።

ከስልኩ ቀልዶች ሁሉ የሚበልጡት እናቶችን የሚመለከቱት ናቸው። እናት ልጇን ወደ ሱቅ ስትልክ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይህ ሳይደርቅ ድረስ» ትለዋለች። ልጁ ይፈተለካል። መንገድ ላይ ጓደኞቹ ብይ ሲጫወቱ ያገኛቸዋል፤ ጥቂት ቆም ብሎ ይመለከታል፤ ምራቁ ትዝ ሲለው እንደገና ይሮጣል። በሚያዝያ ፀሐይ የተላከና በሐምሌ ዝናብ የተላከ ልጅ የተሰጣቸው ጊዜ እኩል አለመሆኑን ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ ዕቃ በስልክ ታዝዞ በሞተር ብስክሌት ደጃፍ ሲደርስ የሚያይ ልጅ ቀልዱ ባይገባው አይገርምም።

የእንግድነቱም ነገር አለ። ሰው ቤት ሲሄዱ ልጁ ምግብ ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ማለት አለበት። የቤቲቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች። ልጁ ወደ እናቱ ይመለከታል። እናቲቱ በአፏ «ብላ እንጂ የኔ ልጅ» ትላለች፤ በዓይኗ የምትለው ግን ሌላ ነው። ልጁ የሚታዘዘው ዓይኗን ነበር። ያልታዘዘ እንደሆነ ቤት ሲደርሱ የሚጠብቀውን ቁንጥጫ ጭኑ ያውቀዋል።

ቴሌቪዥኑን በሚመለከት አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሠፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለ40 ዓመት ያህል ተረት ሲነግሩና የእንስሳትን ድምፅ ሲያስመስሉ ልጆች በራቸው ከተከፈተው ጎረቤት ሳሎን ወለሉ ላይ ተደርድረው ያዳምጡ ነበር። ጫማ ደጅ ይወልቃል። እግሩ ያልታጠበ ልጅ ከበር ይመለሳል፤ ታጥቦ ሲመጣ ተረቱ አልቆ ይጠብቀዋል። አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐዋቂ የሆኑት የያኔ ልጆች በያሉበት አገር ፎቶግራፋቸውን ሲለዋወጡ የሰነበቱት፣ ሰውየውን ያዩት ብቻቸውን ስላልነበረ ይመስለናል። ከእርሳቸው ጋር የሚታወሰው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ትዝታ ያዳላል። «ድሮ ቀረ» የሚሉ ሥዕሎች ሲላኩልን ሥዕሉ ያላሳየውንም ማስታወስ ይገባናል። በበርበሬ ጭስ የመታጠን ቅጣት ዛሬ እንደ ቀልድ ይላካል። የታጠነው ልጅ ያን ጊዜ አልሳቀም፤ እኛም ይህ ቀልድ ሲመጣልን አንስቅም። ወንዱ ልጅ እስኪመሽ ኳስ ሲያባርር እህቱ ዕቃ ታጥብ፣ ውኃ ትቀዳ እንደነበር ሴት አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። ሱዚ ስትዘልል እንኳ ሕፃን ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ የነበረች ጥቂት አይደለችም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ልጅ የነበሩ ሰዎች ደግሞ ሲመሽ ወደ ቤት የሚያስገባቸው የእናት ጥሪ ብቻ እንዳልነበረ ያውቃሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላም ጎረምሳ ልጅ የነበራት እናት ልጇ ሱቅ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እንዴት በር በር ስታይ እንደምትቆይ ለመግለጽ አይቻልም። ያን ዘመን እንዳለ ይመለስ የሚል ሰው ያልኖረበት ሰው መሆን አለበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ የሚናፍቀን ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን የሚናፍቀን ደጅ ነው። «ልጁ የት ነው?» ተብሎ «ደጅ ነው» ከተባለ የእናት ልብ ያርፍ ነበር። ደጅ ማለት ባለሱቁ፣ ጠላ ሻጯ፣ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁት አዛውንት፣ የሁሉንም ልጅ ስም የምታውቀው ጎረቤት ማለት ነው። ከነዚህ አንዱ ልጁን ጥፋት ላይ ካገኘው ይቆጣዋል፤ ለእናቱም ይነግራል፤ እናቱም አመስግና ትደግመዋለች። ልጁ ይህን አይወደውም ነበር፤ ሆኖም ማንም ሳያየው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን ለአንዲት እናት «ልጅሽ ደጅ ነው» ቢሏት ደንግጣ ትነሣለች።

ብትደነግጥም እውነቷን ነው። ያኔ አያትና ሰሚት የእርሻ ቦታ ነበሩ፤ በቦሌም ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ክፍት ቦታ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ቤት፣ መንገድና ፎቅ ሆኗል። ቤት መሠራቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ ከኪራይ ወጥቶበታል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲታሰብ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነበር። በየሕንፃው መካከል ክፍት ቦታ ይተው ነበር፤ እህል የሚሰጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤትም በዕቅዱ ተካትቶ ነበር። በብዙ ግቢ የዚያ ክፍት ቦታ ዕጣ ምን እንደሆነ መስኮታችሁን ከፍታችሁ ማየት ነው። መኪና ቆሞበታል። ልጅ ኳስ ይዞ ሲወርድ የጥበቃ ሠራተኛው የመኪና መስታወት ይሰበራል ብሎ ይመልሰዋል። ልጁም ተመልሶ ይወጣል፤ ስልክም ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ እናቶችን መውቀስ የሚቀናቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ከነርሱ ጋር አንስማማም። ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፋ በምሽት ቤቷ የምትደርስ ሠራተኛ ወጥ እስክትሠራ ድረስ ልጇን የሚይዝላት ሌላ ሰው ከሌለ ስልኩን ብትሰጠው ምን ታድርግ? ነገር ግን መጠኑን ማወቅ ይጠቅማታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ፈጽሞ እንዳያይ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚሁ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ከ5 ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ልቡ ቶሎ ቶሎ እስኪመታ ድረስ መሮጥና መዝለል ይገባዋል። 180 ደቂቃ በሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ! ሶፋው ይህን ያህል የሚችል አይመስለንም። ጨዋታ እንደ ቅብጠት የሚቆጠርም አይደለም። በኅዳር 1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውና አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ ልጅ የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለመኪና መቆሚያ መብት የሚሰጥ አንቀጽ ግን አላየንበትም።

ደጁ ጨርሶ አልሞተም። ይህን ለማወቅ ነሐሴ 12 ማታ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ መገኘት ይበቃል። ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ አምስቱንም ፎቅ ይወጡታል። በሩን የማይከፍተው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት እንኳ ያን ዕለት ይከፍታል፤ ሙልሙል ባይኖረው ብር ይሰጣል። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው ሲመጡም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ በደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ቤተሰቦች በነዚህ ሁለት ቀናት የማን ልጅ የማን እንደሆነ ይተዋወቃሉ። በማግሥቱ ግን በሩ ይዘጋል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ ልጆች አስፋልቱ መሐል ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ትምህርት ሊያገኝበት ይችል ነበር። አውራ ጎዳና ለግማሽ ቀን ከተዘጋ የአንድ ብሎክ ግቢ ለሁለት ሰዓት የማይዘጋበት ምክንያት የለም። በግቢያችሁ የነዋሪዎች ኮሚቴ ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከውኃ ፓምፕና ከጥበቃ ደመወዝ ቀጥሎ ይህን አንሡ፦ እሑድ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት መኪኖች ወደ ዳር ይውጡ፤ ሁለት እናቶች ወይም አባቶች በተራ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ። አባቶች ያልነው ሆን ብለን ነው። ጋዜጣም ሆነ ስልክ ይዞ መቀመጥ ይፈቀዳል፤ ቀና ብሎ ማየት ግን ግዴታ ነው።

ልጆቹ ከወረዱ በኋላ «ምን እንጫወት?» ብለው ቆመው እንደሚቀሩ አትጠራጠሩ። አላስተማርናቸውማ። ሰኞ ማክሰኞ አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃዋል። ለሱዚ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚገኝ የወገብ ላስቲክ አራት ሜትር ያህል ገዝቶ ጫፍና ጫፉን መቋጠር ነው። ሁለቱ ልጆች በቁርጭምጭሚታቸው ይወጥሩታል፤ ሦስተኛዋ ትዘልላለች፤ ካልሳተች ወደ ጉልበት፣ ከዚያም ወደ ወገብ ከፍ ይላል። የጨርቅ ኳስ የሚሠራው ከአሮጌ ካልሲ ነው። ቁራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ መሙላትና ከላዩ በሲባጎ አጥብቆ ማሰር ነው፤ የመኪና መስታወትም አይሰብርም፤ ይህን ለጥበቃው አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ዝናብ ከሆነና መውረድ ካልተቻለ ጠጠር አለ። የሽንብራ ዱቤ የሚያካክሉ አምስት ለስላሳ ጠጠሮች ይመረጣሉ። አራቱ ወለል ላይ ይበተናሉ። አምስተኛው ወደ ላይ ተወርውሮ ከመውደቁ በፊት በዚያው እጅ አንዱን ከወለል አንሥቶ የተወረወረውን መቅለብ ነው። አራቱ አንድ አንድ እየተባሉ ሲያልቁ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱን በአንድ አፈሳ ማንሣት ይመጣል። የሳተ ለሚቀጥለው ይለቃል። እናት ወጥ እያማሰለችም ልትዳኝ ትችላለች፤ መሳቱ በድምፁ ይታወቃልና። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ግን ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፍ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሰዎች ናቸው።