ማራገቢያው ተገዛ፤ ማን ይስቀለው?

ደባርቅ መንገደኛ የምታበላ ከተማ ናት። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ፓርኩን የሚጎበኘውም ሆነ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርደው ሾፌር ምሳውን የሚበላው እዚያው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የከተማይቱ የሆቴል ንግድ ከቱሪስቱ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሠተው ግጭት ይህን ገበያ ክፉኛ ጎድተውታል። ያም ሆኖ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የገበያ ቀን መንገደኛው መብላታቸውን አልተዉም።

ምግብ ቤት ወደ ፎቅ ሲወጣ የቀድሞው ዘዴ፣ ማለትም ጭሱን በጣራው ሥር እንደ ፈቀደው እንዲወጣ መተው፣ አያስኬድም። ስለዚህ የጭስ መሳቢያ ማራገቢያ ይገዛል። ይህ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ዘልቋል፤ የማራገቢያው ዋጋም አብሮት ወጥቷል። ባለ ሆቴሉ ለመሣሪያው አቅሙን አሟጥጦ ከከፈለ በኋላ ቁጠባ የሚፈልገው የት ይመስላችኋል? አሰቃቀሉ ላይ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። በያጅ ይጠራል፤ አንግል ብረት ተቆርጦ መደገፊያ ይበየዳል፤ ብሎኬቱ ተበስቶ የፕላስቲክ ፊሸር ይገባና ማራገቢያው ይታሰራል። ነገር ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ ይሸከም ይሆናል፤ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ግን ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ያሰፋዋል። የወጥ ቤት ማራገቢያ ደግሞ ክንፉ ላይ ስብ በተጋገረበት መጠን ሚዛኑን ይስታል፣ ሚዛኑን በሳተ መጠንም ይንቀጠቀጣል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ማሰሩም አይሻልም፤ ቆርቆሮና የባሕር ዛፍ ማገር ዝናብ ለመከላከል እንጂ ሞተር ለመሸከም አልተሠሩም።

ደኅናው አሰቃቀል ክብደቱን ወደ ኮንክሪት ቢም ወይም ኮለን የሚያወርድ ነው። የብረት ፊሸር ብሎን፣ መንቀጥቀጡን የሚውጥ የጎማ ንጣፍ፣ ዳዶው እንዳይላላ የሚይዝ ሮንዴላ፣ በተጨማሪም ዋናው ማሰሪያ ቢለቅ መሣሪያውን አንጠልጥሎ የሚያስቀር የብረት ገመድ ያስፈልጋል። ስብ የሚጠርገው ሠራተኛ በገዛ እጁ ኃይል የሚቆርጥበት ማጥፊያ ከማራገቢያው አጠገብ መኖር አለበት፤ የመሬት ሽቦም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ገንዘብ ነው። ከግድግዳው ሥር የሚያልፈው ግን እህል የጫነ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ ነው፤ ባለ ሆቴሉ ያተረፋት የፊሸር ዋጋ ለእርሱ ምኑም አይደለችም።

የከፍታው ነገርም አለ። በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በካታሎጉ የተጻፈውን ያህል ኩብ ሜትር ቢያንቀሳቅስም የሚፈጥረው ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሞተሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ በመደበኛነት የሚያስበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት አየር ስስ ይሆናል። ሻጩ አዲስ አበባ ሆኖ «ይበቃል» ሲል የየትኛውን ከፍታ ቁጥር እንደሚያነብ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። አዲስ አበባም እኮ ቆላ አይደለችም።

ጭሱ ወዴት ይውጣ? እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ አንዱ ለጥቅሙ የሚያወጣው ጭስ ሌላውን እንደሚያስከፍል የፋብሪካ ጭስን ጠቅሶ አስረድቷል። ደባርቅ ውስጥ ለዚህ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ወደ ጎረቤት ግቢ የዞረ አንድ ማራገቢያ ይበቃል። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በደንብ ቁጥር 96 የወጥ ቤት ጭስ መውጫ ከአጎራባች ሕንፃ፣ ከይዞታ ወሰንና ከአየር መግቢያ 3 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። ምክንያቱ ሽታ ብቻ አይደለም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ስብ መውጫው አካባቢ ይጋገራል፣ እሳትም ይይዛል። በተራራ ዳር ነፋሱ ቀን ሽቅብ ሌሊት ቁልቁል ሊነፍስ ስለሚችል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አይቶ መወሰን በቂ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ሰው ከማያስበው በኩል ይመጣል። ማራገቢያ ያስወጣውን ያህል አየር በሌላ በኩል መግባት አለበት። በብርድ ምክንያት በርና መስኮቱ ተጠርቅሞ ማራገቢያው ሲሠራ፣ አየሩን የሚስበው ካገኘው ቀዳዳ ሁሉ ነው። ከሰል ከሚነድበት ጓዳ፣ ከምድጃው ጭስ ማውጫ፣ ከውጭ ከቆመው ጀነሬተርም ይስባል። የከሰል መርዝ፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚገድለው እንግዳውን ሳይሆን አምሽታ ሥራዋን ጨርሳ ወጥ ቤቱ አጠገብ የምትተኛዋን ልጅ ሊሆን ይችላል። ከማራገቢያው ተቃራኒ፣ ከጀነሬተርና ከከሰል ርቆ የሚከፈት የአየር መግቢያ ለማበጀት የሚጠይቀው ወንፊትና አንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ የማይሠራው ለምንድን ነው? ድንቁርና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የውል ጉዳይ ይመስለኛል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ተከራይ ከሆነ ነገ ለሚለቀው ግድግዳ ብረትና ሲሚንቶ ማውጣት አይፈልግም። አከራዩ ደግሞ ቢሙ እንዲበሳ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለቱም በማይከለክሉት ብሎኬት ላይ ይሰቀላል። በኪራይ ውሉ ላይ መስቀያው የት እንደሚያርፍ፣ ወጪውን ማን እንደሚችልና ተከራዩ ሲለቅ ቅንፉ የማን እንደሚሆን ቢጻፍ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

የመሥሪያ ቤቶች ግዢም ከዚህ የተለየ አይደለም። ፕሮፎርማ ላይ «የጭስ መሳቢያ ማራገቢያ፣ ከነመግጠሚያው» ተብሎ በአንድ መሥመር ሲጻፍ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሚያሸንፈው መግጠሚያውን አቅልሎ ነው። መስቀያው፣ የአየር መግቢያው፣ ማጥፊያውና የዓመት ጽዳቱ ለየብቻ ዋጋ እንዲሰጥባቸው ይጠየቅ፤ ከፍታውም 2,800 ሜትር ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ተጫራቹ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ የገዢው ኮሚቴም ምን እንደገዛ ያውቃል።