ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ

በማዕከላዊ አሜሪካ የምትገኘው ኮስታሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ጦር ሠራዊቷን የሻረች አገር ናት። በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው ምርጫም በሕዝቡ ዘንድ እንደ በዓል ይቆጠራል። በዕለቱ ልጆች ከቤት አይቀሩም። ከወላጆቻቸው ጋር ወጥተው ለእነርሱ በተዘጋጀ ሣጥን ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፃቸው ግን በውጤቱ ውስጥ አይገባም።

ይህንኑ በ1987 እ.ኤ.አ. የተመለከቱ ሦስት የአሪዞና ነጋዴዎች ልማዱን ወደ አሜሪካ ወስደው በማግሥቱ ዓመት «ኪድስ ቮቲንግ» በሚል ስም በትምህርት ቤቶች አስጀመሩት። ዋናው ጉዳይ ሣጥኑ ሳይሆን ከምርጫው አስቀድሞ የሚሰጠው የቤት ሥራ ነው። ማክዴቪትና ቻፊ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ (ከኮስታሪካ መዲና ጋር ስም የምትጋራ ናት) ባደረጉት ጥናት፣ ልጁ በክፍል የሰማውን እቤት ሲያነሣ ወላጁም ለመመለስ ሲል ዜና መከታተልና መወያየት እንደሚጀምር አረጋግጠዋል። ለውጡ ይበልጥ የታየው በኑሮና በትምህርት ዝቅ ባሉት ቤተሰቦች ነበር።

ይህ ለገጠራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዋቂዎችን ፊደል ካስቆጠሩት መካከል ተማሪዎች ይገኙበታል። ዛሬም ቢሆን ማንበብ የማይችል ገበሬ ከጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያስነብበው በልጁ ነው።

ሆኖም የኮስታሪካን ታሪክ እስከ መጨረሻው መከታተል ያሻል። ለብዙ ዓመታት 80 በመቶ ገደማ የነበረው የመራጮች ተሳትፎ በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ 70፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 60 በመቶ ወርዷል። የልጆቹ ምርጫ ይህን አላስቀረውም። ከምርጫ የቀረው ሰው በብዛት የሚገኘውም ኑሮ በከበደባቸው የባሕር ዳርቻ ክፍለ ሀገሮች፣ በሊሞንና በፑንታሬናስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በሙስና ተጠርጥረው መታሰራቸውም በፓርቲዎች ላይ የነበረውን እምነት ሸርሽሮታል። ልጅ አባቱን እጁን ይዞ እስከ ጣቢያው ሊያደርሰው ይችላል፤ የሚመርጠውን ሰው ግን ሊያምንለት አይችልም።

ሌላም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። በኮስታሪካ ልጆች የፓርቲ ሸሚዝ ለብሰው መራጮችን ሲመሩ ይታያሉ። ጐረቤት ከጐረቤት በሚተዋወቅበት መንደር ግን ልጅ ያየውን ምልክት ማታውኑ ለጓደኛው ማውራቱ አይቀርምና ከእናቱ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ባይገባ ይመረጣል።

በአገራችን ይሞከር ቢባል ሣጥኑ ከምርጫው ቀን በፊት በትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል። ጥያቄውም ልጆቹ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ቀድሞ መሠራት ያለበት የውሃው ጉድጓድ ነው ወይስ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ? ቆጠራው በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲነበብ ለምን እንዲያ እንደ መረጡ የሚያስረዱት ራሳቸው ልጆቹ ይሆናሉ።