አንድ ድምፅ ብቻ ሲቀር

ቢታ ገነት ቁጭ ብላችሁ ቴሌግራም ስትከፍቱ፣ እርስ በርስ የሚዘላለፉ ቻናሎች ይደረደሩላችኋል። ያልጣማችሁን ብሎክ ማድረግ የአንድ ጣት ሥራ ነው። በዚህች አገር ግን የማይስማሙበትን ጽሑፍ በጥይት ብሎክ ያደረጉበት ዘመን ነበር።

በ1966 ክረምት ሁለት የኅቡዕ ልሳኖች ወጡ፦ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። በድብቅ ተባዝተው እጅ በእጅ ይዞሩ ነበር። የአዘጋጅ ስም አይጻፍባቸውም፤ ስም መጻፍ ራስን አሳልፎ መስጠት ነበራ!

ሁለቱም ማርክሲስት ነን ባዮች ነበሩ። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። በ1968 አዲስ ዘመን ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚባል አምድ በግልጽ ተከራከሩ። እንዲህ ቢቀጥል ምን ነበረበት?

አልቀጠለም። አንዱ «ባንዳ» ሲል ሌላው «አናርኪስት» እያለ ቃሉ ከረረ። በ1969 ክርክሩ ግድያ ሆነ፤ ቀይ ሽብርም ተከተለ። አንዲት «ዴሞክራሲያ» ኪስ ውስጥ መገኘቷ ለሞት ታበቃ ነበር። የኢሕአፓው መሪ ዶክተር ተስፋዬ ደበሳይ በመጋቢት 1969 በአሰሳ ወቅት ሕይወታቸው አለፈ። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳም ታስረው ተገደሉ።

ከዚያስ? በታኅሣሥ 1972 ኢሠፓአኮ ተቋቋመ፤ ልሳኑም «ሠርቶ አደር» ተባለ። በ1977 ኢሠፓ ሲመሠረት የእሱ ልሳን ሆኖ ቀጠለ። የሚሞግተው አልነበረም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የካፋ ቋንቋ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር፣ የካፋ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ፊደል ቆጥሯል። ማንበብ ቻለ፤ የሚያነጻጽረው የተለየ አቋም ያለው ጋዜጣ ግን አልነበረውም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ «ሠርቶ አደር»ም አብሮ ከሰመ።

እናንተ ያንን ዕድል በኪሳችሁ ይዛችኋል። ስለዚህ የማትወዱትን ቻናል ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ አንዳንዴ ገብታችሁ አንብቡት። ስትመልሱም ለሐሳቡ መልሱ እንጂ ሰውየው ላይ ታፔላ አትለጥፉ። ያኔ ስም የሚደበቀው ከሞት ለማምለጥ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከተጠያቂነት ለማምለጥ ነው። በስማችሁ ጻፉ፤ የሚሞግታችሁም በስሙ ይጻፍ። «ባንዳ» እና «አናርኪስት» የተባባሉት ሁለቱም ጠፍተው ሜዳው ለሦስተኛው ቀርቷል።