ያገለገለች ጀልባ ለደጋ ተማሪ

ባለፈው ሰሞን ከአሜሪካ የመጣ አንድ ደብዳቤ መጀመሪያ ሲያስቀኝ፣ ኋላም ሲያሳስበኝ ሰነበተ። ጸሐፊው የመካነ ሰላም ተወላጅ ነው። ስሙ እንዳይነሣ ስለ ለመነኝ ወዳጄ እያልሁ ልጥራው። ይህ ሰው በሰው አገር ሠላሳ ዓመት ሠርቶ፣ ልጆቹን አስተምሮና ድሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ ነበር። አሁን ጉልበቱ ስለ ከዳው ሊለያት ነው። «ወንድሜ ሆይ» ይላል ደብዳቤው፤ «ጀልባዬን ለነጋዴ ከምሸጣት መካነ ሰላም ላለው ዩኒቨርሲቲ ብሰጣት ምን ይመስልሃል? የአገሬ ልጆች ሸራ መዘርጋት ይማሩባት።»

መካነ ሰላምን የምታውቁ ሁሉ ለምን እንደ ሳቅሁ ይገባችኋል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ዙሪያዋን ገብስና ስንዴ ይታያል እንጂ ባለ ሸራ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ሐይቅ የላትም። የቦረና ትልቁ ውሃ ዓባይ ነው፤ እርሱም በምዕራብ በኩል ጎጃምንና ወሎን እየለየ ከገደሉ ሥር ይሮጣል፤ ከዐለት ዐለት የሚላተም ውሃ ሸራ አያዘረጋም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ካምፓስ እንዳለው እውነት ነው። ነገር ግን ጀልባይቱን ከጅቡቲ ወደብ በካሚዮን ጭኖ፣ በደሴ አሳልፎ፣ ያንን ሁሉ ዳገት አስወጥቶ ግቢ ውስጥ ቢያቆሟት፣ ዶሮ ከሚሰፍርባት በቀር ሌላ ጥቅም አልታየኝም።

ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ግን ሳቄ ቆመ። ወዳጄ ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ከጎጃም ገበያ ሲመለስ ዓባይ ወስዶት ቀርቷል። ወሩ ግንቦት ነበር። ድልድይ በሌለበት በዚያ ዘመን መንገደኛ ዕቃውን በቆዳ ጠቅልሎ፣ ዋና የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፣ ውሃው የሳሳበትን ቦታ መርጦ ይሻገር ነበር። በቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ርቆ ከላይ በደጋ የዘነበው ዝናብ ወንዙን በድንገት ይሞላዋል። ወንድምዬው መካከል ላይ ደርሶ ነበር። ከዳር የቆሙት ሰዎች አዩት፤ ግን አንድ የሚወረወር ገመድ እንኳ አልነበራቸውም። «እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚፈራ እንጂ የሚማሩት ነገር አልነበረም» ሲል ጽፎልኛል። እርሱ ራሱ ዋና የተማረው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጀልባይቱንም የገዛት ከዚህ የተነሣ መሆኑን አልተናገረም፤ እኔ ግን ጠረጠርሁ።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ቁም ነገር ያለው መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

ያገለገለ ነገር ለትምህርት ቤት መስጠት በቅሎ እንደ መስጠት ነው። ገጣባዋን በኮርቻ ሸፍኖ የሚሰጥ አለ፤ ከነገብስዋ የሚሰጥም አለ። እኛም በአገራችን ከተሰጡን ያገለገሉ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠውን አንድ ምሳሌ እናውቃለን፤ እርሱም መርከብ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦርካ የሚባል መርከብ ሠርተው ነበር። ዋና ሥራው በውሃ ላይ የሚያርፉ አይሮፕላኖችን ነዳጅ መመገብና መጠገን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 ሥራ ጀምሮ በፓሲፊክ ውቅያኖስ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ተሰናበተ። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ደግሞ ለኢትዮጵያ ተላልፎ፣ ስሙም «ኢትዮጵያ» ተብሎ፣ በምፅዋ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የተማሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ። ርዝመቱ ወደ 95 ሜትር የሚጠጋው ይህ መርከብ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆችን ከትምህርት ክፍል አውጥቶ ከማዕበል ጋር ያስተዋወቀ እርሱ ነው።

ብዙ ሰው ስጦታ ነበር ይላል። ወረቀቱ ግን ውሰት ይል ነበር። ኢትዮጵያ መርከቡን ገዝታ የራስዋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ይህን የማነሣው ለነቀፋ አይደለም፤ ሰጪና ተቀባይ ቃላቸውን በወረቀት ቢያሰፍሩ ኋላ እንደማይካሰሱ ለማሳየት ነው። ያም ሆነ ይህ መርከቡ ለሌላ ከተሰናበተ በኋላ እኛን ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል አገለገለን። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ምፅዋም ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት።

በመካነ ሰላም በዚህ መርከብ ላይ የሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት አልፏል። ስልክ ደውዬ የወዳጄን ነገር ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም እንደኔው መጀመሪያ ሳቁ።

«ጋሼ፤ ያረጀ መርከብ ለተማሪ ይጠቅማል ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከአዲሱ ይበልጣል እንጂ! አዲስ መርከብ ላይ ምን ትማራለህ? ሁሉም በደኅና ይሄዳል። ያረጀው ግን ዛሬ ቧንቧው ያፈሳል፣ ነገ ዝገቱን ፋቅ ቀለሙን ቀባ ይልሃል። እጅህ የሚፈታው ያን ጊዜ ነው» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ነገር ግን ልጄ፤ መለዋወጫው ካልመጣ፣ የሚያስተምር ሰው ከሌለ፣ የላኩልህ ሬሳ ነው። ቀብሩም ባንተ ላይ ነው» ሲሉ ጨመሩ።

ጀልባ መስጠት ልማድ በሆነበት በአሜሪካም ኮሌጆች የሚጠይቁት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1936 ቫማሪ የምትባለውን ባለ ሸራ ጀልባ ከቫዲም ማካሮፍ ተቀበለ፤ ሰውየው የታወቀው የሩስያ አድሚራል የማካሮፍ ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሃይላንድ ላይት ተሰጠችው፤ የጀልባይቱ ስም በእኛ ቋንቋ «የደጋ ብርሃን» እንደ ማለት ነው። ባለቤትዋ ዱድሊ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1939 ኬ ቱ ከሚባለው ታላቅ ተራራ ላይ የሞተ ሰው ነው። ባሕር የሚወድ ሰው በተራራ ሞቶ ጀልባው ለተማሪዎች ስትተርፍ፣ ለእኛ ለደገኞች ነገሩ እንግዳ አይመስለንም።

ዛሬ ግን የተሰጠ ሁሉ አይወሰድም። ኮሌጁ አስቀድሞ አዋቂ ልኮ የጀልባይቱን ሆድ ያስመረምራል፤ እንጨቱ በስብሶ እንደ ሆነ፣ ሸራው ሳስቶ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይጠይቃል። የማቆሚያ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ የክረምት መጠለያ በየዓመቱ ይከፈላል። ስለዚህ ብዙ ኮሌጆች ጀልባይቱን ተቀብለው ይሸጡና ገንዘቡን ለተማሪዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ያውሉታል። በዚህ ላይ የግብር ጉዳይ አለ። ለትምህርት ቤት የሰጠ ሰው ከገቢ ግብሩ ቅናሽ ያገኛል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ኮሌጁ ሳይገለገልባት ቢሸጣት ቅናሹ ከተሸጠችበት ዋጋ አይበልጥም። ለትምህርት ካዋላት ግን በገበያ ዋጋዋ ትቆጠራለች። በውጭ አገር ላለ ተቋም በቀጥታ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ በአብዛኛው ቅናሽ አያስገኝም። በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ብታነቡት አይጎዳችሁም።

«ታዲያ ለመካነ ሰላም ካልሆነ ለጣናስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ አለ፤ መሐንዲሶችን አሠልጥኖ በውጭ መርከቦች ላይ እንዲሠሩ ያዘጋጃል። መንግሥትም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈራርሟል። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ውሃ ነው፤ ነፋስም ማዕበልም አለው፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበታል። ይሁን እንጂ የወዳጄ ጀልባ ከሆድዋ በታች አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውሃ የሚገባ ከባድ ብረት አላት፤ ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ዳርቻው በብዙ ቦታ ደለል ነው። ከዚህም ሌላ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን በወረረ ጊዜ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው ማጨጃ ማሽን እንደ ላኩ ታስታውሳላችሁ። ከተገዙትና ከተለገሱት ማሽኖች መካከል የጠጋኝ እጅና መለዋወጫ አጥተው ሳይሠሩ የቆሙ ነበሩ። የሰጪዎቹ ልብ አላነሰም፤ ያነሰው ከማሽኑ ጋር መምጣት የነበረበት ነገር ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ እንዲህ ስል ጻፍሁለት። ጀልባህን እዚያው ባለህበት አገር ለሚያስተምርባት ኮሌጅ ስጣት፤ ከመስጠትህ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲገለገሉባት በጽሑፍ አስፈርም። ለአገርህ ልጆች ማድረግ ከፈለግህ ደግሞ ጀልባይቱን ለመጫን ከምታወጣው ገንዘብ ላይ ከፍለህ፣ ለአንድ የዋና አስተማሪ የአንድ ዓመት ደመወዝ አድርገው። ወንድምህን የገደለው የጀልባ እጦት ብቻ አልነበረም። እንዲህ ብዬ መጻፌ ጭካኔ መስሎ ስለ ታየኝ ደብዳቤውን ሳልልከው ሁለት ቀን አቆየሁት። በመጨረሻ ላክሁት።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አልተቀየመኝም። ጀልባይቱን አንድ ኮሌጅ መርምሮ ተቀብሏታል። ስለ ዋና አስተማሪው ነገር፣ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጋር ለመነጋገር አሳብ አለው።

ይህን ለአዛውንቱ መርከበኛ ስነግራቸው ስለ ጀልባይቱ አንዳች አልጠየቁም። «ገመድዋስ?» አሉኝ። የባሕር ገመድ ውሃ ሲነካው አይበሰብስም፤ ለቋጠሮም ይመቻል። እርሳቸው በአንድ እጅ ብቻ በወገብ ዙሪያ የሚታሰር፣ ሲጎትቱት የማይጠብቅ፣ ሲፈልጉት ቶሎ የሚፈታ ቋጠሮ ያውቃሉ፤ ከውሃ ውስጥ ሰው የሚወጣበት እርሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሰብስበው ሊያስተምሯቸው ይፈልጋሉ፤ አሁን ያላቸው ግን የከብት ጠፍር ብቻ ነው።

ወዳጄ ለጀልባይቱ መለዋወጫ ብሎ ለብቻ ያስቀመጣቸውን ገመዶች ለመንገደኛ እንደ ሰጠልኝ ጽፎልኛል። ስንት ሜትር እንደ ሆኑ ግን ሳይጠቅስ ቀርቷል፤ ጋሼም በየሳምንቱ እየደወሉ ይጠይቁኛል።