ደሙ የማይረጋ ልጅና ረጅሙ መንገድ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። በሽታውን ሳይደብቅ፣ ልጁን አዝሎ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲንከራተት ለሚኖር ወላጅስ ምን እንበለው? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገደደን በቦንጋ ከተማ፣ በምንኖርበት ሰፈር የሚያድግ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

ልጁ በተገረዘ ጊዜ ደሙ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተረፈ። ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። ከጎረቤት አንዳንዱ «ቡዳ በልቶት ነው»፣ ሌላውም «ከእናቱ ዘር የመጣ ነው» አለ። የሕመሙ ስም ሂሞፊሊያ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

ሂሞፊሊያ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉትና ፋክተር ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ሲጎድል የሚመጣ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። 8ኛው ፋክተር የሚጎድልበት ዋናው ዓይነት ከ5,000 ወንዶች ልጆች አንዱን ያህል ይይዛል። ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ እናት ራሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። ሆኖም ከሦስት ሕሙማን የአንዱ ያህል በዘመዶቹ መካከል ታሞ የሚያውቅ አይገኝም። ታዲያ እናቲቱን መውቀስ ምን ይሉታል? የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የ2ኛ ኒኮላስ አልጋ ወራሽ አሌክሲ በሂሞፊሊያ ሲሠቃይ ቤተ መንግሥት መወለዱ አላዳነውም።

ለዚያ ልዑል ያልተገኘው መድኃኒት ግን ዛሬ አለ። የጎደለው ፋክተር በደም ሥር ይሰጣል፤ በጊዜው ከተሰጠም መገጣጠሚያው ሳይበላሽ ልጁ እንደ እኩዮቹ ሊማር ይችላል። ችግሩ መንገዱ ነው። በአገራችን ይህ ሕክምና ይበልጥ የሚታወቅበት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጅማ እንኳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉልበት ውስጥ የሚፈሰው ደም ግን አውቶቡስ እስኪሞላ አይጠብቅም። አባትየው ቡናውን ገና ሳይለቀም በርካሽ ሸጧል። እናቲቱ ከልጁ ጋር ሐኪም ቤት ስትከርም ታላቅ እኅቱ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ትጠብቃለች። እንግዲህ የአንዱ ልጅ ሕመም የሌላይቱንም ዕድል ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

«ለጥቂት ልጆች ተብሎ መድኃኒት በየቦታው ማስቀመጥ ትርፍ ወጪ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን ፋክተርን ለድሆች አገሮች በእርዳታ ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቅዝቃዜም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ይኸውም የሕፃናት ክትባት የሚጠበቅበት ያው ቅዝቃዜ ነው። ክትባት በበረዶ ሣጥን ሆኖ ጫካ አቋርጦ ገጠር ቀበሌ ከደረሰ፣ በየዞኑ ሆስፒታል ጥቂት ብልቃጥ ማኖርና ነርሶችን ማሠልጠን እንዴት ያቅታል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ሚያዝያ 9 ቀን የዓለም የሂሞፊሊያ ቀን ነው። በዚያ ቀን ማኅበራችን ወደየትምህርት ቤቱ ወጥቶ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳይመታ፣ አስፕሪን እንዳይሰጠው፣ ጡንቻው ላይም መርፌ እንዳይወጋ ያስተምር። ፋክተር በሌለበት ከተለገሰ ደም የሚወጣው ፕላዝማ ይተካልና ደም እንለግስ። ልጁና እኅቱ ያመለጣቸውን ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ማስጠናትስ ከአቅማችን በላይ ነውን?